‹ሉዝ› ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃልና ስለ ብዙ ትርጕሞቹ

እንግሊዝኛ በምንማርበት ጊዜ ብዙዎቻችን አንድ ልማድ አለን። ይኸውም አዲስ ቃል ባገኘን ቍጥር በደብተራችን በግራ በኩል እንግሊዝኛውን፥ በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ የአማርኛ ፍች ጽፈን ማጥናት ነው። ይህ ልማድ ለጠረጴዛ፥ ለዝሆንና ለእርሳስ ይበቃል። በየቀኑ በሰው አፍ የሚመላለሱት አጫጭር ቃላት ግን በዚህ መንገድ አይያዙም፤ ቃል በተለመደ መጠን ትርጕሙ ይበዛልና።

ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነኝ የመረጥሁት ‹ሉዝ› የሚለውን ግስ ነው። በየደብተራችን «ሉዝ ማለት አጣ ማለት ነው» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ፍች ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጐደሎ ነው። ቍልፍ የጠፋበት ሰው፥ ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን፥ የከሰረ ነጋዴ፥ የከሳ በሽተኛ፥ አባቱ የሞተበት ልጅ፥ ወደ ኋላ የሚቀር ሰዓት፥ እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ በዚሁ በአንዱ ቃል ይነገራሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምፈልገው፥ እንግሊዝኛው ማጣትን ሁሉ በአንድ ቃል ሲጠቀልለው፥ አማርኛችን ግን ምን እንደ ጠፋና እንዴት እንደ ጠፋ ለይቶ የሚናገር መሆኑን ነው። ይኸን ልዩነት የማያውቅ ተርጓሚ ያልሞተውን ሰው ሊገድል፥ የሞተውንም በሕይወት ሊያቈይ ይችላል።

1ኛ/ ስለ አጻጻፉና ስለ አነባበቡ

ቃሉ ኤል፥ ኦ፥ ኤስ፥ ኢ በሚባሉ በአራት ፊደላት ይጻፋል፤ ሲነበብም ‹ሉዝ› ነው። ያለፈው ጊዜ ‹ሎስት› ይባላል፤ ‹ሎስት› ደግሞ የጠፋ ተብሎ እንደ ቅጽል ያገለግላል። ከግሱ የሚወጣው ስም ‹ሎስ› ሲሆን፥ ማጣት፥ ጕዳት፥ ኪሳራ ማለት ነው። በውድድር የተሸነፈውም ሰው ‹ሉዘር› ይባላል።

ከዚህ ቃል ጋራ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ ቃል አለ። እርሱም በሁለት ኦ የሚጻፈውና ‹ሉስ› ተብሎ የሚነበበው ነው፤ ፍችውም የላላ፥ ያልጠበቀ ማለት ነው። የላላ ሱሪ በሁለት ኦ ይጻፋል፤ ሱሪው ጠፋ ለማለት ግን አንድ ኦ ይበቃል። ለማስታወስ የሚቸግረው ሰው «በሉዝ አንዱ ኦ ጠፍቶበታል» ብሎ ቢይዘው አይረሳውም።

2ኛ/ ስለ አመጣጡ

በጥንቱ እንግሊዝኛ ‹ሎሲያን› የሚባል ግስ ነበረ፤ ትርጕሙም መጥፋት፥ መሞት ማለት ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ግሱ የሚናገረው ስለ ጠፋው ነገር ነበር እንጂ ስለ ጠፋበት ሰው አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ትርጕሙ ወደ ሰውየው ዞረና ዛሬ የምናውቀው ‹ሉዝ› ሆነ። የዚህ ቃል ዘመዶች ዛሬም አሉ። የተተወ፥ ብቸኛ የሆነ ሰው ‹ፎርሎርን› ይባላል። ጀርመኖችም ማጣትን ‹ፌርሊረን› ይሉታል። ቤት የሌለውን ‹ሆምለስ›፥ ተስፋ የሌለውን ‹ሆፕለስ› የሚያሰኘው ‹ለስ› የሚባለው የቃል መድረሻም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ይህ መድረሻ ‹ያነሰ› ማለት ከሆነው ‹ለስ› ጋራ በድምፅ ቢመሳሰልም በትውልድ አይገናኝም።

የእኛም ቃላት ታሪክ አላቸው። ‹ጠፋ› የመጣው ‹ጠፍአ› ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ እርሱም ስለ እሳትና ስለ መብራት መጥፋት፥ ስለ ሰውም መጥፋት ይነገራል። ‹አጣ› ደግሞ ‹ኀጥአ› ከሚለው ግዕዝ የወጣ ነው። በግዕዝ ‹ኀጥአ› ማለት አጣ ማለት ሲሆን በደለ ማለትም ነው፤ ‹ኃጢአት› የሚለው ቃል የተገኘው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ‹አጣ› እና ‹ኃጢአት› ወንድማማች ቃላት ናቸው። እኔ ይኸን ከማወቄ በፊት ሁለቱ ይዛመዳሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

3ኛ/ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?

በሰዋስው ትምህርታችን የዐረፍተ ነገር ‹ባለቤት› የሚባል ነገር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን አንድ ተማሪ ብዕሩ ጠፋ እንበል። እንግሊዛዊው «እኔ ብዕሬን» ብሎ ‹ሎስት› ይጨምርበታል። ባለቤቱ ‹እኔ› ነው፤ ብዕሩ ግን ተሳቢ ሆኗል። አማርኛ ተናጋሪው «ብዕሬ ጠፋብኝ» ይላል። እዚህ ላይ ባለቤቱ ራሱ ብዕሩ ነው፤ ሰውየው በ‹ብኝ› ውስጥ ብቻ ይገኛል። ‹ብኝ› ደግሞ ነገሩ በእኔ ላይ ለጕዳት መድረሱን ያመለክታል። በአጭሩ፥ በእንግሊዝኛ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት የዕቃው ባለቤት ነው፤ በአማርኛ ግን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት የጠፋው ዕቃ ነው።

‹አጣሁ› ስንል ግን እንደ እንግሊዝኛው ባለቤቱ ሰውየው ይሆናል። ሆኖም ‹አጣ› እና ‹ሉዝ› አንድ ልክ አይደሉም። ‹ሉዝ› አስቀድሞ በእጅ ለነበረ ነገር ነው። ‹አጣ› ግን ፈልጎ ላላገኘም ይሆናል። ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ ፈልጎ ያላገኘ ወጣት «ሥራ አጣሁ» ይላል፤ ይህን በ‹ሉዝ› ቢተረጕመው ግን ሰሚው «ከሥራህ ለምን አስወጡህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለሥራ በሚጻፍ ማመልከቻ ላይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

4ኛ/ ትርጕሞቹ በየወገናቸው

ሀ/ ዕቃና መንገድ። ዕቃ ሲሆን ጠፋብኝ፥ ገንዘብም ከኪስ ሲወድቅ ጣልሁ እንላለን። መንገድ ሲሆን መንገድ ጠፋኝ ወይም መንገድ ሳትሁ ነው። እንግሊዞች ይኸንኑ ወደ ትምህርት አዙረው የመምህሩን ቃል መከታተል ያቃተው ተማሪ ‹ዩ ሎስት ሚ› ይላል። «አጣኸኝ» ማለቱ ሳይሆን «አልገባኝም፤ እንደ ገና ይንገሩኝ» ማለቱ ነው። ሰውም በሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ ‹ሎስት› ሆነ ሲባል በንባብ ተመሰጠ ማለት ነው።

ለ/ ውድድርና ክርክር። በጨዋታና በጦርነት ተሸነፈ፥ በፍርድ ቤት ተረታ እንላለን። እንግሊዝኛው ለሁሉም ‹ሎስት› ይላል።

ሐ/ ንግድ። ነጋዴ ከሰረ። በሒሳብ መዝገብም ‹ፕሮፊት ኤንድ ሎስ› የሚባለው ትርፍና ኪሳራ ነው።

መ/ አካልና ጤና። የአማርኛ ሀብት የሚታየው በተለይ በዚህ ነው። ክብደት ሲሆን ከሳ፤ ደም ሲሆን ፈሰሰው፤ ፀጕር ሲሆን ረገፈ፤ ጥርስ ሲሆን ወለቀ፤ ድምፅ ሲሆን ተዘጋ፤ ዐይን ሲሆን ጠፋ፤ አእምሮን ለጊዜው ከሆነ ራሱን ሳተ፤ ለዘለቄታው ከሆነ አበደ ይባላል። እንግሊዛዊ ሐኪም ግን ለእነዚህ ሁሉ ከ‹ሉዝ› የሚወጣ አንድ ቃል ይበቃዋል። ለበሽተኛ የሚያስተረጕም ሰው ስለ ክብደት ይሁን ስለ ደም አጣርቶ መስማት የሚገባው ስለዚህ ነው።

ሠ/ ጠባይና ስሜት። ‹ሉዝ› ከ‹ቴምፐር› ጋራ ሲሆን ተቈጣ፤ ከ‹ሆፕ› ጋራ ሲሆን ተስፋ ቈረጠ፤ ከ‹ፌስ› ጋራ ሲሆን በሰው ፊት ዐፈረ፥ ክብሩ ተነካ ማለት ነው። ‹ፌስ› ፊት ነው ብሎ «ፊቱ ጠፋ» የሚል ቢኖር ማንም አይገባውም።

ረ/ ጊዜና ሰዓት። ጊዜ ሲሆን ባከነ። የግድግዳ ሰዓት በቀን 5 ደቂቃ ‹ሉዝ› ያደርጋል ሲባል፥ 5 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው።

ሰ/ ማሳጣት። አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱ ሰው ሳይሆን ምክንያቱ ይሆናል። የሰውየው ቍጣ ሥራውን ‹ሎስት› አደረገበት ሲባል፥ አማርኛው «ቍጣው ሥራውን አሳጣው» ነው። በዚህ ቦታ ሁለቱ ቋንቋዎች በደንብ ይገናኛሉ።

ከዚህ ጋራ ‹ሚስ› የሚባለውን ጐረቤቱን ማስታወስ ይገባል። አውቶቡስ ሲያመልጠን፥ ዒላማ ስንስት፥ ከትምህርት ስንቀር የሚነገረው በ‹ሚስ› እንጂ በ‹ሉዝ› አይደለም። አውቶቡሱ በእጃችን አልነበረምና። ሰው ሲናፍቀንም ‹ሚስ› ነው። ‹የማያውቁት አገር አይናፍቅም› የሚለውን ምሳሌያችንን በእንግሊዝኛ ልናገር የሚል ሰው የሚያስፈልገው ይህ ቃል ነው።

5ኛ/ ሰው ሲሆን

ቃሉ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ስለ ሰው ሲነገር ነው። እንግሊዞች ሞትን በስሙ መጥራት ሲከብዳቸው ‹ሎስት› ይላሉ። እኛም አረፈ፥ ከዚህ ዓለም ተለየ፥ በሞት አጣነው እንላለን። ልብ በሉ፤ አማርኛው ‹አጣነው› ሲል ‹በሞት› የሚለውን ይጨምርበታል። እንግሊዝኛው ግን ምንም ሳይጨምር ይተወዋል፤ ሰውየው ሞተ ወይስ በገበያ መካከል ተሰወረ የሚለው የሚታወቀው በዙሪያው ካሉት ቃላት ብቻ ነው።

በሠፈራችን እማማ ብለን የምንጠራቸው አንድ እናት አሉ። ልጃቸው በአሜሪካ ይኖራል። እዚያው የተወለደው የልጅ ልጃቸው አማርኛ ቢሰማም መጻፍ ስለማይችል፥ በስልክ መልእክት የሚልክላቸው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቅዳሜ መልእክት ደረሰና የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የጐረቤት ልጅ እንዲያነብላቸው ጠሩት። በስልኩ መስታወት ላይ የታዩት የመጀመሪያዎቹ 3 ቃላት ብቻ ነበሩ፤ ‹ዊ ሎስት ዳድ›። ልጁም በትምህርት ቤት እንደ ተማረው «አባታችንን አጣነው ይላል» አለ። እማማ ነጠላቸውን ይዘው «ልጄን!» ብለው ከመቀመጫቸው ወደቁ። ጐረቤት ሁሉ እየሮጠ ገባ፤ እኔም ከገቡት አንዱ ነበርሁ። ስልኩ ተከፍቶ መልእክቱ እስከ መጨረሻው ሲነበብ፥ አባታቸው በአየር ማረፊያው ሰው መካከል ተሰውሮባቸው 2 ሰዓት ሙሉ ሲፈልጉት እንደ ቈዩና በመጨረሻ ቡና ሲጠጣ እንዳገኙት፥ አያታቸውም እንዲሥቁበት የተጻፈ ኖሯል።

ልጁን ማንም አልወቀሰውም፤ ለቃሉ የሰጠው ፍች በደብተሩ የተጻፈው ነበርና። እማማ ግን እስከ ማታ ድረስ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፥ ብዙውን ጊዜም በማለዳ፥ የሚደግፍ ሰው በአጠገብ ባለበት ነው። አንድ ቃል ያለ ጥንቃቄ ሲተረጐም ይኸን ሁሉ ሥርዐት አፍርሶ በእናት ላይ ይወድቃል።

ለኀዘንተኛ በእንግሊዝኛ ‹ሶሪ ፎር ዮር ሎስ› የሚባለውም እንዲሁ ነው። ቃል በቃል «ስለ ኪሳራዎ አዝናለሁ» የሚል ሰው ኀዘንተኛውን ነጋዴ ያደርገዋል። ልማዳችን የሚፈቅደው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት ነው፤ እስላም ወንድሞቻችንም «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ይላሉ። ትርጕም ማለት ቃልን በቃል መተካት ሳይሆን፥ በዚያ ቦታ የሚባለውን ማለት ነው።

6ኛ/ አንድ የታሪክ ምሳሌ

አሁን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን ታሪክ እንውሰድ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ የሆነውን የሚጽፍ እንግሊዛዊ ‹ሎስት› የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ሊደጋግመው ይችላል። በሌሊት ጕዞ የጄኔራል ባራቲየሪ ብርጌዶች እርስ በርሳቸው ግንኙነት ‹ሎስት› አደረጉ፤ ይኸውም የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ በካርታ ስሕተት ምክንያት ከሌሎቹ ርቆ በመሄዱ ነው። ኢጣልያ ውጊያውን ‹ሎስት›። ብዙ ሺህ ወታደር ‹ሎስት›። መድፎቿን ‹ሎስት›። በሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ሥልጣኑን ‹ሎስት›።

በአማርኛ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ቢጻፍ ደረቅ ከመሆኑም በላይ ስሕተት ይሆናል። እኛ የምንለው ብርጌዶቹ ተለያዩ፤ ኢጣልያ ድል ሆነች፤ ወታደሮቿ አለቁባት፤ መድፎቿ ተማረኩባት፤ ክሪስፒ ከሥልጣኑ ወረደ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ችግር አለ። አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ «ኢጣልያ በአድዋ 3 ጄኔራሎች ሎስት» ቢል ምን ብለን እንተረጕመዋለን? ‹ሞቱባት› ያልን እንደ ሆነ ሐሰት ጻፍን። ዳቦርሚዳና አሪሞንዲ በጦር ሜዳ ሞተዋል፤ አልቤርቶኔ ግን በሕይወት ተማርኳል። በጦር ቋንቋ ‹ሎስ› የሞተውንም፥ የቈሰለውንም፥ የተማረከውንም፥ ደብዛው የጠፋውንም አንድ ላይ ሊቈጥር ይችላል። ስለዚህ የታሪክ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ በዚህ ቃል አጠገብ ቍጥር ባየ ጊዜ «ይህ የሟች ቍጥር ነውን?» ብሎ ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

7ኛ/ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስንመለስ

እንግሊዝኛው ብቻ ነው የሚያስቸግረው እንዳይባል፥ የእኛም ‹ጠፋ› ለባዕድ ሰው ያው ነው። «መብራት ጠፋ» በ‹ሉዝ› አይነገርም፤ መብራቱ ወጣ እንደ ማለት ‹ዌንት አውት› ይባላል። «እስረኛው ጠፋ» ማለት አመለጠ ነው። «ልጁ አጠፋ» ማለት በደለ ሲሆን፥ «ገንዘቡን አጠፋ» ማለት ግን ለመልካምም ይሁን ለክፉ አወጣው ማለት ነው። ብዙ ቀን ያላየነውን ወዳጅ «የት ጠፋህ?» ስንለው ናፍቆታችንን መግለጻችን ነው። አንድ እንግሊዛዊ ይኸንኑ በ‹ሎስት› ተተርጕሞ ቢሰማ «መንገድ አልሳትሁም፤ ቤቴ ነበርሁ» ብሎ ሊመልስ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለክፍል ጓደኞቼ የማቀርበው ምክር አጭር ነው። ‹ሉዝ› የሚለውን ቃል ባገኛችሁ ጊዜ 3 ጥያቄዎች ጠይቁ። የጠፋው ምንድር ነው? የጠፋውስ እንዴት ነው? ሊመለስ ይችላልን? የጠፋ ቍልፍ ይገኛል፤ የተሸነፈ ቡድን በሌላ ቀን ያሸንፋል፤ የከሰረ ነጋዴ ያንሠራራል፤ የሞተ ሰው ግን አይመለስም። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ቢናገራቸውም፥ ለሰሚው ልብ እነዚህ አራት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ዐረፍተ ነገሩንም እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አፋችሁን አትክፈቱ፤ በተለይም የሚሰማችሁ ሰው እናት ከሆነች።

ለወላጆቻችን ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። ልጃችሁ ደብዳቤ ወይም መልእክት ሲያነብላችሁ ጥቂት ቢዘገይ አልገባውም ብላችሁ አትቈጡ። ምናልባት ከብዙዎቹ ፍቾች ትክክለኛውን እየመረጠ ይሆናል።

መልመጃ፦ ከሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች በ‹ሉዝ› የሚነገሩት የትኞቹ ናቸው?

1/ አውቶቡሱ አመለጠኝ።
2/ ጠበቃው ክርክሩን ተረታ።
3/ ትናንት ማታ መብራት ጠፋ።
4/ ወንድሜ ተመርቆ እስካሁን ሥራ አጥቷል።
5/ ዛፉ ቅጠሉን አረገፈ።
6/ አጎቴ ናፈቀኝ።

መልሱ፦ 2ኛውና 5ኛው ብቻ።